ስለ ሕፃናት አንጎል አለባበስና ይህንኑ ስለሚያሳየው የማግኔት ሥዕል



ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ከሚጨነቁባቸው ነገሮች አንዱ የጊዜ ነገር ነው። የጎረቤት ልጅ በዘጠኝ ወሩ ቆሞ ሲታይ የራስ ልጅ ገና ይድሃል፤ የአንዲቱ እመቤት ሕፃን በዓመቱ «እማዬ» ሲል የሌላዪቱ ሕፃን ዝም ብሎ ያያል። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ወላጅ ልጁን ሰነፍ ነው ብሎ ይቈጣል፤ አንዳንዱም ያለ ጊዜው እንዲራመድና እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ሌላው ደግሞ «ጊዜው ሲደርስ ይስተካከላል» እያለ ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ልጅ በቤት ያስቀምጠዋል። ሦስቱም ስሕተት የሚመጣው ከፍቅር ማነስ ሳይሆን በሕፃኑ ራስ ውስጥ የሚከናወነውን ሥራ ካለማወቅ ነው። ዛሬ ግን ይህን ሥራ የሕፃኑን ገላ ሳይቀድዱና ሳይጎዱ ለማየት የሚቻልበት መሣሪያ ስላለ፤ ሊቃውንት በእርሱ ያገኙትን ዕውቀት በዚህ ሳምንት ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ማየሊን ምንድር ነው?

የሰው አንጎል ቍጥራቸው እጅግ በበዛ የነርቭ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ከያንዳንዱም ሕዋስ እንደ ቀጭን ክር ያለ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ሕዋሳቱም በዚህ ክር አማካይነት መልእክት ይላላካሉ። ዐይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን ወደ ውስጥ የሚያደርሰው፤ እጅ እንዲይዝና እግር እንዲራመድ ትእዛዝ የሚያወርደው ይኸው ክር ነው። ሕፃን ሲወለድ ታላላቆቹ የነርቭ መንገዶች በየስፍራቸው ተዘርግተው ይገኛሉ፤ ዳሩ ግን በአንጎሉ ውስጥ ካሉት ክሮች የሚበዙት ገና ዕራቍታቸውን ናቸው።

ማየሊን የሚባለው ይህን ክር ደጋግሞ የሚጠቀልል፤ ከስብና ከፕሮቲን የተሠራ ልባስ ነው። ውሃው ተለይቶ የቀረው ቢመዘን ከሦስቱ እጅ ሁለቱ፤ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ስብ ነው። ስሙን በ1854 የሰጡት የጀርመን አገር ሐኪም ሩዶልፍ ፊርኾ ናቸው። በአንጎል ውስጥ ልባሱን የሚሠሩትን ሕዋሳት ለይተው የገለጹት ደግሞ የእስፓኝ ሊቅ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ሲሆኑ፤ ይህም በ1921 ነበር። ከነዚህ ሕዋሳት አንዱ ብቻውን ቅርንጫፎቹን ወዲያና ወዲህ ዘርግቶ ብዙ ክሮችን ማልበስ ይችላል።

የልባሱ ጥቅም እንደ ምን ነው ቢባል፤ ዕራቍቱን በሆነ ቀጭን ክር ላይ መልእክት የሚሄደው በአንድ ሰከንድ ከ2 ሜትር ያልበለጠ ያህል ነው፤ ወፍራምና በሚገባ በለበሰ ክር ላይ ግን በአንድ ሰከንድ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። ልባሱ በመካከሉ ትንንሽ ክፍተት አለው፤ መልእክቱም በየኬላው ፈረስ እየለወጠ እንደሚገሰግስ መልእክተኛ ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይጓዛል። እንግዲህ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወራት እጁን ወደሚፈልገው ዕቃ አቅንቶ ለመስደድ የማይችልበት አንዱ ምክንያት ስንፍና ሳይሆን የመልእክቱ መንገድ ገና አለመበጀቱ ነው።

ቀድሞ ይህ ነገር እንዴት ይታወቅ ነበር?

በላይፕሲግ ከተማ ያስተምሩ የነበሩት ፓውል ፍሌክሲሽ በ1876 ባሳተሙት መጽሐፍ፤ የአንጎል መንገዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንደማይለብሱ፤ ነገር ግን አንዱ አንዱን እየተከተለ በታወቀ ተራ እንደሚለብሱ አስረዱ። በ1967 ፖል ያኮቭሌቭና አንድሬ ሮሽ ሌኩር ይህንኑ ተራ ከማሕፀን ጀምሮ እስከ ጕልማሳነት ተከታትለው ጻፉ። በ1987 ደግሞ ቤቲ ብሮዲ፤ ሐና ኪኒና የሥራ ጓደኞቻቸው የ162 ሕፃናትን አንጎል መርምረው እያንዳንዱ ክፍል በስንተኛው ወር እንደሚለብስ በዝርዝር ገለጹ።

ዳሩ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው ከሞቱ ሕፃናት ነበር። የሞተው ሕፃን የሚታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ምን ያህል ያድግ እንደ ነበረ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ደግሞም ከሕመም የተነሣ የሞተን ልጅ አይቶ ስለ ጤነኛው መፍረድ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሐኪሞች ምኞት ጤነኛው ሕፃን በእናቱ እጅ እንዳለ፤ ዛሬም ከሦስት ወር በኋላም የአንጎሉን ሁኔታ ለማየት ነበር።

የማግኔቱ መሣሪያ አሠራር

ይህን ምኞት የፈጸመው በተለምዶ ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ ነው። አሠራሩን በአጭሩ ብንገልጽ፤ በሰው ገላ ውስጥ ያለው ውሃ ሃይድሮጅን አለበት፤ የሃይድሮጅንም እምብርት እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። ሰውየው በታላቅ ማግኔት ውስጥ በተኛ ጊዜ እነዚህ ትንንሽ ማግኔቶች ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ። ከዚህ በኋላ መሣሪያው የራዲዮ ሞገድ ሲልክባቸው ከአቀማመጣቸው ይናወጣሉ፤ ሞገዱ ሲቋረጥ ግን ወደ ቀድሞ ቦታቸው እየተመለሱ እነርሱም በተራቸው የራዲዮ ምልክት ይሰጣሉ። ለመመለስ የሚፈጅባቸው ጊዜ እንደሚገኙበት ስፍራ ይለያያል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን ልዩነት ቈጥሮ ሥዕል ያወጣል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር ስለሌለበት አንዱን ልጅ በየጊዜው ደጋግሞ ለማየት ይቻላል።

የዚህን ነገር መሠረት በ1946 ያገኙት ፊሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል በ1952 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በዚሁ ዘዴ ሥዕል ለማውጣት እንደሚቻል በ1973 ያስታወቁት ፖል ላውተርበርና ዘዴውን ያዳበሩት ፒተር ማንስፊልድም በ2003 ተሸለሙ። በ1982 በለንደን በሃመርስሚዝ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪሞች በዚህ መሣሪያ ያነሡትን የሕፃናት አንጎል ሥዕል ለዓለም አሳዩ። ዛሬ በሆስፒታሎች የሚበዙት መሣሪያዎች ኀይላቸው 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው፤ ከሁለቱ አነስተኛው እንኳ ከምድራችን ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበረታል።

ሥዕሉ ማየሊንን የሚገልጠው እንዴት ነው? ዕራቍታቸውን ባሉት ክሮች መካከል ብዙ ውሃ አለ፤ ልባሱ ሲመጣ ግን ውሃው ይቀንሳል፤ የቀረውም ውሃ ጠባዩ ይለወጣል። ከዚህም የተነሣ የለበሰው ክፍል በአንድ ዐይነት ሥዕል ላይ ነጭ፤ በሌላው ዐይነት ላይ ጥቍር ሆኖ ይታያል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ሥዕል ከዐዋቂ ሥዕል ጋር ቢተያይ ብርሃኑና ጨለማው የተገለባበጠ ይመስላል። ከስድስተኛው እስከ ዐሥረኛው ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ሁለቱ እየተቀራረቡ ሄደው የአንጎሉን ክፍሎች በዐይን መለየት አስቸጋሪ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን መልኩ ወደ ዐዋቂው ያደላል።

በዐይን ከማየት አልፎ ልባሱን በመጠን ለመገመት በ1994 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ አሌክስ ማኬይና ጓደኞቻቸው አንድ ብልኀት አመጡ፤ ይኸውም በማየሊኑ ንብርብሮች መካከል ተይዞ የቀረውን ጥቂት ውሃ ከሌላው ውሃ ለይቶ መቍጠር ነው። በዚህ ፈለግ የሄዱት ሾን ዴኦኒና ጓደኞቻቸው በ2011 ባሳተሙት ጥናት፤ ከ3 እስከ 11 ወር ዕድሜ ያላቸውን 14 ጤነኞች ሕፃናት አንጎል በዚህ ዐይነት መርምረው የልባሱን ጕዞ በካርታ ላይ እንዳለ አገር አሳዩ።

ሕፃን እንዴት ጸጥ ብሎ ይተኛል ቢባል፤ ይህ የእናት ብልኀት የሚያስፈልግበት ነገር ነው። መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜ በኀይል ያንኳኳል፤ ሥዕል የሚነሣው ደግሞ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ይበላሻል። ስለዚህ ለጥናት የሚመጡትን ሕፃናት በሚተኙበት ሰዓት ይቀበሏቸዋል፤ ትንንሾቹን ጡት አጥብተው፤ በጨርቅ ጠቅልለውና ጆሯቸውን ከድምፁ ከልለው እንቅልፍ ከወሰዳቸው በኋላ ወደ መሣሪያው ያስገቧቸዋል። ማግኔቱ ብረትን በኀይል ስለሚስብ ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ ይፈተሻልም።

የልባሱ ሥራ የሚሄድበት ተራ

እነዚህ ሥዕሎች የቀድሞዎቹን ሊቃውንት ቃል በሕያዋን ሕፃናት ላይ አጸኑ። ሥራው የሚጀመረው ሕፃኑ ገና በማሕፀን ሳለ ነው፤ የሚሄደውም ከታች ወደ ላይ፤ ከመካከል ወደ ዳር፤ ከኋላም ወደ ፊት ነው። በተወለደበት ቀን ለመተንፈስ፤ ለመጥባትና ለመዋጥ የሚያገለግለው የአንጎል ግንድ ብዙው ክፍል ለብሷል፤ ያለዚህ ሕይወት አይገኝምና። በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ከዐይን የሚመጣው መልእክት የሚያልፍበት መንገድና የቀኙን አንጎል ከግራው የሚያገናኘው ድልድይ የኋላ ጫፍ ይለብሳሉ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ተራው ወደ ኋላኛውና ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ይደርሳል። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ወር የዚያው ድልድይ የፊት ጫፍ፤ እንዲሁም በግንባርና በሰሌን በኩል ያለው ክፍል ይጀምራል። በሁለት ዓመት ዕድሜ ሥዕሉ በጠቅላላው የዐዋቂን መልክ ይይዛል። ዳሩ ግን ለማሰብ፤ ራስን ለመግታትና ነገርን ለማመዛዘን በሚያገለግለው በግንባር በኩል ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ይቀጥላል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ግንብ የሚሠራ ሰው መሠረቱን ሳይጥል ጣሪያውን እንደማያነሣ፤ ይህም ሥራ ተራውን አይለቅም። የሦስት ወር ሕፃን «አትቅበጥ፤ ዕረፍ» ቢባል ትእዛዙን የሚቀበለው የአንጎል ክፍል ገና አልተሰናዳም፤ የሁለት ዓመት ልጅም በቍጣው ጊዜ ራሱን ባይገዛ የክፋት ምልክት አይደለም። በጥፊና በግሣጼ ማየሊን አይሠራም። አባቶቻችን «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለዚህ ነገር እጅግ ይስማማል።

ይህም ተራ ለሁሉ አንድ ቢሆንም ፍጥነቱ በየሕፃኑ ይለያያል። የዓለም የጤና ድርጅት በጋና፤ በሕንድ፤ በኖርዌይ፤ በኦማንና በአሜሪካ 816 ጤነኞች ሕፃናትን አስከትሎ በ2006 ባወጣው ጥናት፤ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4ኛው ወር ገደማ እስከ 9ኛው ወር፤ ብቻውን መራመድም ከ8ኛው ወር እስከ 17 ወር ተኩል በሆነ ጊዜ ውስጥ ሲመጣ እንደ ጤነኛ የሚቈጠር መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ በዘጠኝ ወሩ የሚራመደውና በዐሥራ ስድስት ወሩ የሚራመደው ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ በጎረቤት ልጅ መቅናት አይገባም።

ትዕግሥትና ቸልታ ግን አንድ አይደሉም

ከዚህ የተነሣ «ሁሉም በጊዜው ይሆናል» ብሎ መቀመጥ ይገባል ማለታችን አይደለም። ሕፃኑ ከተባለው ወሰን ካለፈ፤ ይልቁንም አስቀድሞ ያወቀውን ነገር ከተወ፤ ይኸውም ይቀመጥ የነበረው መቀመጥ ካቃተው፤ ወይም ይናገር የነበረው ዝም ካለ፤ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ግዴታ ነው። ልባሱ ከቶ የማይሠራበት፤ ወይም ከተሠራ በኋላ የሚፈርስበት ከወላጅ የሚወረስ በሽታ አለና። ከነዚህ አንዱ ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ ይባላል። ለዚህ በሽታ ከሕፃኑ ከራሱ ሕዋሳት ወስዶ የጐደለውን አርሞ የሚመልስ ሕክምና በ2020 በአውሮፓ ኅብረት፤ በ2024 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ዳሩ ግን ሕክምናው እጅግ የሚጠቅመው የበሽታው ምልክት ሳይታይ ወይም ገና በጅምሩ ሳለ ነው፤ ሕመሙ ከገፋ በኋላ የጠፋውን አይመልስም። በእንዲህ ያለው ነገር ጥቂት ወራት መዘግየት የልጅን ሕይወት ያህል ዋጋ አለው።

በሌላ በኩል አንድ ሥዕል ብቻ አይቶ መፍረድም አይገባም። ራፋኤል ሺፍማንና ማርዮ ቫን ደር ክናፕ በ2009 ለሐኪሞች በጻፉት መመሪያ እንደ ተገለጸው፤ የሕፃኑ ልባስ የዘገየ ብቻ ነው ወይስ ለዘለቄታው የጐደለ ነው የሚለውን ለመለየት ቢያንስ በስድስት ወር የሚራራቁ ሁለት ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። በሁለተኛው ሥዕል ልባሱ ወደ ፊት ተራምዶ ከተገኘ ልጁ የዘገየ መንገደኛ ነው፤ ባለበት ቆሞ ከተገኘ ግን ሌላ ምርመራ ያሻል። እናት በነዚያ ስድስት ወራት የምትቀበለው ጭንቀት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን የተሳሳተ ፍርድ ከመስማት ይሻላል።

ደግሞም ሥዕሉ የልጅን ብልኅነት የሚመዝን ሚዛን አይደለም። መሣሪያው የሚያነበው የውሃውን ጠባይ ነው፤ ማየሊኑን የሚገምተው ከዚያ ተነሥቶ ነው፤ የልጁንም የወደ ፊት ዕድል አይናገርም። ስለዚህ ሐኪም ሳያዝዝ ለማወቅ ያህል ብቻ ልጅን ወደ መሣሪያው መውሰድ አይገባም፤ ሕፃኑ በራሱ እንቅልፍ ካልተኛ የሚያስተኛ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላልና።

ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ምንድር ነው?

ልባሱ የሚሠራው ከምግብ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ፤ ከዚያም ሌላ ምግብ እየተጨመረለት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ዴኦኒና ጓደኞቻቸው በ2013 ባወጡት ጥናት፤ ከ10 ወር እስከ 4 ዓመት ከሆናቸው 133 ልጆች መካከል ቢያንስ ሦስት ወር ጡት ብቻ የጠቡት ዘግይተው በሚለብሱት የአንጎል ክፍሎች የተሻለ ዕድገት እንደ ታየባቸው ጽፈዋል። ይህ ግን ሁለቱ ነገሮች አብረው መገኘታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ፈጽሞ አያስረዳም፤ የቤቱ ኑሮና ሌላም ብዙ ነገር አለበትና። ስለዚህ በሕመም ወይም በሌላ ችግር ማጥባት ያልቻለች እናት ልጅዋን እንደ በደለች ቈጥራ ልታዝን አይገባትም።

ልባሱን የሚሠሩት ሕዋሳት በአንጎል ውስጥ ካሉት ሁሉ ይልቅ ብረት ያለባቸው ናቸው። በ1998 በቺሌ የተደረገ ጥናት፤ በብረት ማነስ ደማቸው የቀነሰ የስድስት ወር ሕፃናት ከጆሮ ወደ አንጎል የሚሄደው መልእክት እንደሚዘገይባቸው አሳይቷል። ስለዚህ እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ሐኪም ያዘዘላትን የብረት መድኃኒት መውሰድ፤ ልጁም ከስድስት ወር በኋላ ሥጋ፤ ጕበትና እንደ ምስር ያለውን ጥራጥሬ አላምጦ ለመዋጥ እንደሚመቸው ሆኖ ተሰናድቶ ማግኘት ይገባዋል። ደግሞም ሥጋ፤ ወተትና እንቍላል ከቶ የማትቀምስ እናት ቢ 12 የሚባለው ቪታሚን ሊያጥራት ይችላል፤ ጡትዋን የሚጠባውም ሕፃን አብሮ ይጐዳል። በእንዲህ ያሉ ሕፃናት ላይ የተነሡት የማግኔት ሥዕሎች የልባሱን መዘግየት፤ ቪታሚኑ ከተሰጠ በኋላም መሻሻሉን አሳይተዋል።

ከምግቡ ቀጥሎ ሕፃኑን በቂ እንቅልፍ ማስተኛት፤ በፍቅር ማነጋገር፤ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ እንደ ልቡ እንዲንፏቀቅ መተው ይገባል። ያለ ጊዜው በግድ ማቆምና ማራመድ ግን ምንም አይጨምርለትም።

በመጨረሻም አንድ ነገር እንጨምራለን። ታላላቆቹ መሣሪያዎች ዋጋቸው እጅግ የከበደ፤ ልዩ ክፍልና ብዙ ባለሙያ የሚፈልጉ ስለ ሆኑ ብዙ ሕፃናት ሊያገኟቸው አልቻሉም ነበር። በ2020 ግን ኀይሉ 0.064 ቴስላ የሆነ፤ በመንኰራኵር እየተገፋ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የሚቀርብና በተራ የመብራት ሶኬት የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ በአሜሪካ ተፈቀደ፤ በአፍሪቃና በእስያም የሕፃናትን አንጎል ዕድገት ለማጥናት ይሠራበታል። ሥዕሉ የታላቆቹን ያህል የጠራ አይደለም፤ ቢሆንም ሕፃኑን ከሩቅ አገር ከማጓጓዝ መሣሪያውን ወደ ሕፃኑ ማምጣት ይቀላል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በልጃችሁ ራስ ውስጥ ቀንና ሌሊት የሚሠራው ሠራተኛ ተራውን የሚያውቅ ነው፤ ከእናንተ የሚፈልገው ምግብ፤ ዕረፍትና ትዕግሥት ነው። ሥራው የቆመ በመሰላችሁ ጊዜ ግን ልጁን መቈጣት ወይም ነገሩን ከሰው መደበቅ ትታችሁ የሐኪሙን በር አንኳኩ።